ምላሴ የሞተ ቀን

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በመኖ ወፍጮው በር፣
ከሚዛኑ አጠገብ፣ ናማካል አገር፣
ዳኛው ምላሴ ነበር።

የጆንያውን ጎድን በመውጊያ በስቼ፣
ፋጉሎውን ቆንጥሬ፣ በጥርሴ ፈጭቼ፣
«ግባ» ያልኩት ገባ፤ «ሂድ» ያልኩት ተመለሰ፤
ስንቱ ባለ መኪና ደጄ ላይ አለቀሰ!

ጨው የበዛበትን፣ ውሃ የጠጣውን፣
በአሸዋ ከብዶ ለሚዛን የመጣውን፣
የሩዝ ቅርፊት ፈጭተው የደባለቁትን፣
ሻጋታ አራግፈው ፀሐይ ያሞቁትን፣
አውቅ ነበር በምላስ፣ አውቅ ነበር በሽታ፤
ማንም አላለኝም «ማሪሙቱ ተረታ»።

የፖንጋል በዓል ማግስት ፑንጎዲ ስትመጣ፣
ይዛ ነው ሬዲዮ የሚያህል የሳጥን ጣጣ።
ስኒዋን አስቀምጣ «ብርሃን ነው» አለች፤
«የታል?» ስላት ደግሞ «አይታይም» አለች፣
«ከቀዩ ቀለም ወዲያ ነው ያለው» እያለች።
ሳቅሁባት። ይኼ ደግሞ ምን ይባላል?
የማይታይ ብርሃን ምኑን ያሳየናል?

«ፕሮቲኑ»፣ «ስቡ»፣ «እርጥበቱ» እያለች፣
በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቁጥር ትደረድራለች፤
እኔ ተጉመጥምጬ ውሃውን ሳልተፋ፣
የሦስት መኪና ሙሉ አለቀ ወረፋ።

መደርደሪያዬ ላይ ብልቃጥ አሰልፌ፣
ከገባው ሁሉ ቆንጥሬ፣ ቀኑን ጽፌ፣
የነጋዴውን ስም በእጄ ለጥፌ፣
አኖር ነበር።
«ብልቃጦቹን ስጠኝ፤ ሳጥኑ ሕፃን ነው፤
ካስተማሩት በቀር ከራሱ ምን አለው?»
ደስ አለኝ። ተማሪ ሆነልኝ ብርሃኑ።
ሰጠኋት ሦስት መቶ፣ ከነወሩ፣ ከነቀኑ።

ሐሙስ ማታ ጠራችኝ፤ ድምጿ አንሶ፣ አንሶ፤
መስኮቱ ላይ አንድ መስመር
ተገትሯል፣ ከሌሎቹ ብሶ።
«አያ» አለች፣ «ይሄኛው ለውዝ ብቻ አይደለም፤
ዩሪያ አለበት፤ ጥርጥር የለውም።
ናይትሮጅን ለቆጠረ ፕሮቲን ይመስላል፤
ሰሙን ላየ ሰው ያምራል፤
ወርቁ ግን መርዝ ነው፤ ብርሃኑ ይፈታል።»

«የማን ነው?» አልኩ። ብልቃጡን አዞረች።
የቬላይሳሚ። የሚስቴ ወንድም።
ጽሕፈቱ የእኔ።
«ግባ» ያልኩት እኔ።
(ስለ እሱ ሌላ ጊዜ፤ ለእሱ ዳኛ አለው።)

ዩሪያ ይመራል፤ ምላስ ያቃጥላል፤
ሕፃን ልጅ እንኳን ቀምሶ ይተፋዋል።
ስኳር ደሜን ገብቶ፣ ጣቴን አደንዝዞ፣
ምላሴንም ኖሯል ቀስ እያለ ይዞ።
በሽታ ስለይ ኖሬ፣ በሽታ ለየኝ እኔን፤
መርዶም አልነገረኝ ምላሴ የሞተ ቀን።

የብልቃጡን ቀን አነበብኩ። ደግሜ አነበብኩት።
የቼላማል ላም የሞተች ሳምንት!
ከዚያ ጭነት ፋጉሎ በዱቤ ወስዳ፣
አንድ ላሟን ልታደልብ፣ ልጇን ልታስተምር አቅዳ።
ሆዷ ተነፍቶ፣ ሥጋዋ ሲንቀጠቀጥ፣
እግሯን ወደ ሰማይ ሰቅላ ስትገላበጥ፣
እኔ ነኝ ያልኩት «እባብ ነው የነደፋት»፤
«አይዞሽ» እያልኩ ነው አብሬያት የቀበርናት።

ዓርብ ዕለት ብስክሌቴን እየገፋሁ ሄድኩ፤
አልጋለብኩትም። ሁለት ጊዜ ቆምኩ።
ሳጥኑስ እውነትን በደቂቃ ተናገረ፤
እኔ ደጇ ሳልደርስ ቀኑ ጠቆረ።

ቼላማል በረቷን ትጠርጋለች።
ስድስት ወር ባዶ ነው፤ ትጠርጋለች።
«እባብ አልነበረም» አልኳት።
መጥረጊያዋን ከግድግዳው አስደገፈች፤
«ማን ነገረህ?» አለች።
«ብርሃን» አልኩ። ሌላ ቃል አልነበረኝም።

አልጮኸችም። አላለቀሰችም።
ጎንበስ ብላ ገባች። ቆየች።
ስትወጣ በእጇ ትንሽ ቋጠሮ፣
ከአሮጌ ሳሪ ተቀዶ፣ ሦስት ጊዜ ታስሮ፤
ስትፈታው፣
ፋጉሎ።
ከዚያች ቀን የተረፈ፣ ከገንዳው ጥግ የተጠረገ።

ስድስት ወር ሙሉ አላመነችኝም ኖሯል።

ከመዳፌ አኖረችው፤ ጣቶቼንም
አንድ በአንድ አጠፈቻቸው።
«ይኼንንም» አለች፣
«ይኼንንም አሳየው።»